ከሩስት የመጣ ጠርሙስ፦ የአንድ ማሳ ወይን ያስነሳው ክርክር

ይህን የመድረካችንን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ቪየና ውስጥ የማስታምማቸው አንድ አዛውንት ለልጄ ክርስትና ብለው ከምድር ቤታቸው አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን አውጥተው ሰጡኝ። ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት የአምራቹን ስም፣ ብላውፍሬንኪሽ የሚለውን የዝርያ ስም፣ ከዚያ «ሪድ ማሪየንታል» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ሱቅ ገብቼ የዚያኑ ወይን ዋጋ ባይ የሳምንት አስቤዛዬን ያስከነዳል። ለድግሱ ሳልከፍተው ቀረሁና በመድረካችን ላይ ጠየቅኩ፦ ከአንድ ማሳ ብቻ የተለቀመ ወይን በእውነት የተለየ ነገር አለው ወይስ የምንከፍለው ለስሙ ነው? ሁለት ሦስት መልስ ጠብቄ ነበር፤ ሠላሳ አንድ መጣ። ብዙዎቻችሁ መሃል ላይ ገብታችሁ ማን ለማን እንደመለሰ ስለተምታታባችሁ ከመጀመሪያው ልተርክላችሁ፤ ቁጥር የምለው የመልሱን ተራ፣ አንዳንዴም ጸሐፊውን ነው።

ቁጥር 1 ጨዋ ሰው ነው። ልጄን መርቆ ሲያበቃ ሪድ የሚለውን ቃል ፈታልን። በኦስትሪያ የወይን ሕግ ሪድ ማለት ወሰኑ የታወቀ፣ ስሙ የተመዘገበ የወይን ቦታ ነው። ከ2016 ወዲህ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) የማሳ ስም ጠርሙስ ላይ መጻፍ የፈለገ ይህን ቃል ከፊቱ ማስቀደም ግዴታው ሆኗል። ቀድሞ ገዢው የሚያነበው ስም የእውነተኛ መሬት ይሁን ነጋዴ ያወጣው የማሻሻጫ ስም መለየት ይቸግረው ነበር። እኔን የገረመኝ አንዱን ሪድ ብዙ ገበሬ ሊካፈለው መቻሉ ነው። በአንድ ስም በሚጠራው ተዳፋት ላይ የአንዱ መደዳ ከሌላው መደዳ ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ወይኑን ግን እያንዳንዱ በየቤቱ ይጠምቃል። ስለዚህ ከቦታው ስም በተጨማሪ የጠማቂውንም ስም እንዳይ መከረኝ።

ቁጥር 2 ከሃያ ዓመት በላይ ቪየና የኖረች እህታችን ናት፤ አገሩን በእግሯ ታውቀዋለች። ማሪየንታል የሚገኝባት ሩስት ከቪየና በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ቡርገንላንድ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ በኖይዚድል ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሐይቁ 320 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፣ ጥልቀቱ ግን ሁለት ሜትር አይሞላም፤ ግማሽ ያህሉን ሸምበቆ ይዞታል። በ1860ዎቹ መጨረሻ ለጥቂት ዓመታት ጨርሶ ደርቆ ነበር። ያ ጥልቀት የሌለው ውኃ በበጋ ይሞቅና በመጸው ሙቀቱን ቀስ እያለ ለዳርቻው ይመልሳል። ከጀርባ ደግሞ የላይታ ኮረብታዎች አሉ። ከ15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እዚያ ሞቃት ባሕር ነበርና አፈሩ ኖራማ ድንጋይ ነው፤ በወይኑ መደዳ መሃል ጎንበስ ያለ ሰው የቀንድ አውጣና የዛጎል ስባሪ ያገኛል። ከዚህ ሁሉ እኔን የነካኝ ግን የመጨረሻው ነው፦ እኛ በየቀኑ ከሥሩ የምናልፈው የቪየናው የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ከሩስት አጠገብ ካለው የዛንክት ማርጋሬተን የድንጋይ ካባ በወጣ ድንጋይ ጭምር የታነጸ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ግድግዳውን ሄጄ በእጄ ዳሰስኩት።

ከዚያ ቁጥር 3 መጣና አየሩ ተቀየረ። ኦስትሪያ የነጭ ወይን አገር ናት፣ ቀዩ ለውጭ ሰው የሚሸጥ ቀጭን ነገር ነው ባይ ነው። ከዚህ አልፎ የ1985ን የወይን ቅሌት አነሳ፤ ኦስትሪያውያን ወይናቸው ውስጥ መርዝ ጨምረው ሰው እንደገደሉ፣ እንዲህ ባለ አገር ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ማመንም ሞኝነት እንደሆነ ጻፈ። አነጋገሩ ለእኔም ሆነ ከእኔ በፊት ለጻፉት ክብር አልነበረውም።

ቁጥር 4 መልሱን ሲያዘጋጅ ሌሊቱን ሳያድር አልቀረም። በነጩ ላይ ተስማምቶለታል፤ ከአገሪቱ የወይን ተክል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ነጭ ነው። የሞት ነገር ግን ፈጽሞ ስህተት ነው አለ። በ1985 የተገኘው ዳይኢትሊን ግላይኮል ይባላል፤ አንዳንድ ነጋዴዎች ርካሹን ወይን ወፈርና ጣፈጥ ያለ ለማስመሰል የጨመሩት ኬሚካል ነው። በዚያ ምክንያት የሞተ ሰው አልተመዘገበም። ሰው የሞተው በማግስቱ ዓመት በ1986፣ ጣሊያን ውስጥ፣ በሜታኖል ነው። ቁጥር 3 ሁለቱን አገርና ሁለቱን ዓመት ቀላቅሎታል።

የዚሁ የቁጥር 4 መልስ ቀጣዩ ክፍል ለእኔ የክሩ እምብርት ነው። ከቅሌቱ በኋላ የኦስትሪያ ወይን ወደ ውጭ መላኩ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወረደ። ምንም ያላጠፋው ገበሬ ከአጥፊው እኩል ተቀጣ። በዚያው ዓመት በዓለም ላይ ከጠበቁት አንዱ የሆነ የወይን ሕግ ወጣ። ዛሬ በጠርሙሱ ክዳን ላይ የምናየው ቀይ፣ ነጭ፣ ቀይ ምልክት ወይኑ በመንግሥት ላቦራቶሪ ተመርምሮና በቀማሾች ተቀምሶ ቁጥር የተሰጠው መሆኑን ያሳያል። ከዚያው ውርደት ማግስት ደግሞ በ1986 ምርት ከሩስት አንድ ወይን ወጣ፤ ኤርንስት ትሪባውመር ከማሪየንታል የጠመቀው ብላውፍሬንኪሽ። እስከዚያ ድረስ ብላውፍሬንኪሽ ብዙ ጊዜ ቀለል ብሎ ተጠምቆ በዚያው ዓመት የሚጠጣ የሰፈር ወይን ነበር። ይህ ግን ለዓመታት የሚቀመጥ፣ ከታላላቆቹ ቀይ ወይኖች ጎን የሚቆም ሆኖ ተገኘ፤ እስከ ዛሬም ስለ ዝርያው ሲጻፍ የዚያ ዓመት ማሪየንታል ስሙ ሳይነሳ አይታለፍም። እኔ በስጦታ የተቀበልኩት የዚያን ማሳ የልጅ ልጅ መሆኑን እስከዚህ መልስ ድረስ አላውቅም ነበር።

ቁጥር 5 ላይ ቁጥር 3 ተመለሰ፤ የዓመቱን ስህተት ተቀብሎ ሲያበቃ ያረመውን ሰው በወይን ነጋዴነት ጠረጠረው። ቁጥር 6 ሁለቱንም ገሠጸ። ከዚያ በኋላ ቁጥር 3 አልታየም። ስህተቱን መቀበሉን ግን ላመሰግነው እወዳለሁ፤ በመድረካችን ብዙ ያልተለመደ ነገር ነው።

ቁጥር 7 ብዙዎቻችሁ ጋሼ የምትሏቸው አባት ናቸው። እርሳቸው ነገሩን አምስት መቶ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ወሰዱት። ሩስት በሃንጋሪ ዘውድ ሥር በነበረችበት ዘመን፣ በ1524፣ ንግሥት ማርያም ከተማይቱ የወይን በርሜሎቿ ላይ ሩስት የሚለውን የራሷን ስም የመጀመሪያ ፊደል በጋለ ብረት እንድትተኩስ ፈቀደችላት። በርሜሉ የትም ቢሄድ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። በ1681 ደግሞ ሩስት ነፃ ከተማ ለመሆን ለንጉሠ ነገሥቱ 60,000 የወርቅ ጉልደንና 500 ማድጋ ጣፋጭ ወይን ከፈለች። ያ ጣፋጭ ወይን የሐይቁ ጉም በሚያመጣው መልካም ሻጋታ ከደረቀ ፍሬ የሚሠራ ነው። ወይናቸውን በስማቸው ያስከበሩ ሰዎች በገዛ ወይናቸው ነፃነታቸውን ገዙ። የቦታ ስም ምን ዋጋ አለው ብዬ ለጠየቅኩት ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ቁጥር 8 ከዚያው ጋር አያይዞ ይርጋ ጨፌን፣ ሲዳማንና ሐረርን አነሳ። ኢትዮጵያ በ2005 እነዚህን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክታ ስንት እንደተከራከረችና በ2007 ከስታርባክስ ጋር እንደተስማማች አስታወሰን። የቦታ ስም ዋጋ በእኛ ዘንድም አዲስ ነገር እንዳልሆነ ለማሳየት ነው፤ ትክክል ነው።

አሁን ወደ ቁጥር 9። ይህ ወንድማችን ከዓመታት በፊት በሩስት አካባቢ ወይን ለቅሟል። የጻፈው ረጅም ነው፤ እኔ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሥራው የሚጀመረው ገና ሳይነጋ ነው፤ ቅጠሉ ረጥቦ እጅጌን ያበሰብሳል። ብላውፍሬንኪሽ ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ በመሆኑ መከሩ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ጠዋት ጠዋት ጣት ይደነዝዛል። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ የፍሬው ስኳር መቀሱን ከመዳፍ ጋር ያጣብቀዋል፣ ተርቦችም ይመጣሉ። ዘለላውን በግራ እጅ ደግፎ በቀኝ ይቆርጣል፤ የበሰበሰች ፍሬ ካለች በመቀሱ ጫፍ ነቅሶ ያወጣል፤ ከዚያ ሳይወረውር ሳጥኑ ውስጥ ያስተኛዋል። ሁለተኛው ቀን ላይ የግራ አውራ ጣቱን ቆርጧል፤ ጠባሳው አሁንም አለ።

አንድ ቀን ባለቤቱ ጠርቶት ከተዳፋቱ ላይኛ ጫፍ አንድ ፍሬ፣ ከታችኛው ጫፍ አንድ ፍሬ አስቀመሰው። ዝርያው አንድ ነው፣ በመሃላቸው ያለው ርቀት ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። የላይኛው ፍሬ ትንሽ፣ ቆዳው ጠንካራ ሆኖ ጉምዝዝ ያለ ጣዕም ነበረው። የታችኛው ውኃ የበዛበት፣ ጣፋጭ፣ አፍ ውስጥ ግን ቶሎ የሚጠፋ ነው። ቀጥሎ በፍሬው ውስጥ ያለውን ዘር እንዲያኝክ ነገረው። ያልበሰለ ወይን ዘሩ አረንጓዴ ሆኖ ይመራል፤ የበሰለው ቡናማ ነው፣ እንደ ቆሎ ይሰበራል። ሰውየው መቼ እንደሚለቀም የሚወስነው የስኳር መለኪያ ይዞም ቢሆን በመጨረሻ ዘር አኝኮ ነው። ወንድማችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሳ ለየብቻ የሚጠመቀው ለምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳው አላስፈለገውም።

ሌላም ነገር ጻፈ፤ ይህንንም መዝለል አልፈልግም። በሌላ ዓመት፣ በሌላ መንደር፣ ስሙን ያልጠቀሰው አንድ ባለ እርሻ የትርፍ ሰዓቱን ሳይከፍለው አሰናብቶታል። ስለዚህ ስለ ጠርሙሱ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው የለቃሚውንም ድርሻ አብሮ እንዲጠይቅ ለመነን። እኔ በመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ ማሰብ ነበረብኝ።

ከቁጥር 10 እስከ 14 ያለው ስለ ስም የተደረገ ጭቅጭቅ ነው። አንዱ ብላውፍሬንኪሽ የሚለው ስም በ1809 የናፖሊዮን ወታደሮች ለወይን ከከፈሉት ሰማያዊ ፍራንክ እንደመጣ ተረከ። ቁጥር 11 ያ ሃንጋሪዎች ይህንኑ ዝርያ ለሚጠሩበት ኬክፍራንኮሽ ለሚለው ስም የሚተርኩት ጣፋጭ ተረት እንጂ ታሪክ እንዳልሆነ አረመው። በመካከለኛው ዘመን «ፍሬንኪሽ» ማለት ምርጡ የወይን ዘር፣ «ሆይኒሽ» ማለት ተራው ነበር። በዘረመል ምርመራ ሲታይ ግን ምርጥ ከተባለው ከብላውፍሬንኪሽ ወላጆች አንዱ ራሱ ነጭ ሆይኒሽ ሆኖ ተገኝቷል። ከሽቱትጋርት የጻፈች አንዲት እህት ይኸው ወይን በእነርሱ ዘንድ ሌምበርገር እንደሚባል ጨመረች። ቁጥር 13 ደግሞ ልጁ ስለሆነው ስለ ስቫይገልት አነሳ፤ በኦስትሪያ ከቀዮቹ በብዛት የሚተከለው እርሱ ነው። በ1922 በክሎስተርኖይቡርግ ብላውፍሬንኪሽን ከዛንክት ላውረንት አዳቅሎ ያወጣው ፍሪትዝ ስቫይገልት በ1933 የናዚ ፓርቲ አባል የሆነ ሰው በመሆኑ፣ ስሙ ጠርሙስ ላይ ሊቆይ አይገባም የሚል ክርክር ዛሬም አለ። ቁጥር 14 ወይን ከፖለቲካ ይለይ ብሎ ተቆጣ። እኔ በዚህ ከቁጥር 13 ጋር ነኝ፤ ስም ክብር ነው ብለን በርሜል ላይ እስከተኮስነው ድረስ የማን ስም እንደሆነ መጠየቅም ተገቢ ነው።

ቁጥር 15 ምርጡ ብላውፍሬንኪሽ ጭራሽ ከሩስት አይደለም ብሎ ተነሳ። የእርሱ ልብ ወደ ደቡብ፣ ወደ አይዘንበርግ ነው፤ ስሙ የብረት ተራራ ማለት ሲሆን ብረት የበዛበት ንብብር ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ወይን ቀጭንና ጠንካራ ይሆናል። የሆሪቾንና የዶይችክሮይትስ ከባድ ሸክላ አፈር ደግሞ ወፈር ያለ፣ ጥቁር ቼሪ የሚሸት ወይን እንደሚሰጥ ጻፈ። የላይታ ኖራ የሚሰጠው ወይን በጣዕሙ በእነዚህ መካከል ነው ብሎ ሳይወድ በግድ ለሩስት ቦታ ሰጣት። ይህ ሰው ክርክሩን ያሸነፈ መስሎት ለእኔ ጥያቄ መለሰልኝ፦ ዝርያው አንድ ሆኖ አፈሩ ሲለይ ወይኑ እንደሚለይ ከእርሱ የበለጠ ያስረዳ የለም።

ምግብ የገባው ከቁጥር 16 ጀምሮ ነው። የቁጥር 2ቷ እህታችን ተመሳሳይ ወይን በዶሮ ወጥ ከፍታ መራራ ሆኖባት እንዳፈረች ጻፈች። ወጥ ቤት የሚሠራ አንድ ወንድም ጥፋቱ የእሷም የወይኑም እንዳልሆነ አጽናናት። የበርበሬው ቃጠሎ በአልኮሉ ይብሳል፤ አፍ የሚያደርቀው የቀይ ወይን ታኒንም ከሚጥሚጣ ጋር አይታረቅም። ብላውፍሬንኪሽ ጉምዝዝ የሚል ወይን በመሆኑ የሚፈልገው ስብ ነው፦ የበግ ጥብስ በሮዝመሪ፣ ወይም ሚጥሚጣውን ወደ ጎን አድርጎ ቁርጥ ሥጋ። ሙቀቱም ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይሁን አለ፤ በበጋ የቪየና ቤት ውስጥ የቆመ ጠርሙስ ከዚያ በላይ ይሞቃልና ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ቢገባ አይጎዳም።

እዚህ ላይ ቁጥር 20 በጾመ ፍልሰታ ስለ ሥጋና ስለ ወይን ማውራት ነውር እንደሆነ ገሠጸን። ጋሼ በትሕትና መለሱለት፤ ቤተ ክርስቲያናችን ለቅዱስ ቁርባን ከዘቢብ የሚጨመቀውን እንደምትጠቀም፣ ወይንን ማወቅ ከመስከር እንደሚለይ አስረዱት። ቁጥር 22 ግን ከበድ ያለ ነገር ጻፈ፦ አገር ቤት ወገን እየተቸገረ ስለ ውድ ጠርሙስ መጻፍ ልብ ማጣት ነው። ለዚህ የመለሰው ለቃሚው ወንድማችን ነው። በዚያ መከር ካገኘው ገንዘብ እናቱ የዓይን ቀዶ ሕክምና እንዳደረጉ፣ ስለዚህ ስለዚያ ማሳ ሲወራ ለእርሱ የቅንጦት ወሬ እንዳልሆነ ነገረው። ቁጥር 22 ይቅርታ ጠይቋል።

ከዚያ ወሬው ወደ ሽመላ ሄደ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተከተልኩ። ሩስት በየጭስ መውጫው ላይ ጎጆ በሠሩ ሽመላዎች የታወቀች ናት። የቁጥር 2ቷ እህታችን በነሐሴ መጨረሻ ጎጆዎቹ ባዶ እንደሚሆኑ ስትጽፍ፣ ከባቱ የሆነ ሰው ነጭ ሽመላ በዝዋይ ሐይቅ ዳር በብዛት እንደሚያይ ጨመረ። ከምሥራቅ አውሮፓ የሚነሱት በቦስፎረስ፣ በሲናና በዓባይ ሸለቆ አድርገው ወደ እኛ አገርና ከዚያም ወደ ደቡብ የሚወርዱ ናቸው። በባቱም አጠገብ የወይን እርሻ አለ፤ ከ2014 ጀምሮ ጠርሙሱን እናውቀዋለን። ስለዚያ ሌላ ክር እንዲከፈት ተስማምተናል።

ፍልሰታ ሲፈታ ጠርሙሱን ከፈትኩት፤ ቁጥር 30 የእኔ መልስ ነው። አዛውንቱን ቤቴ ጠርቼ የበግ ጥብስ ሠራሁ። መጀመሪያ የቀዳሁት ዝም ያለ ነበር፤ እርጥብ ድንጋይና ትንሽ በርበሬ መሰል ሽታ ብቻ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጥቁር ቼሪው ወጣ፤ ከዋጥኩትም በኋላ ምላሴ ጎንና ጎን ላይ ጉምዝዝ የሚለው ነገር ረጅም ጊዜ ቆየ፣ ለቃሚው ስለ ላይኛው ፍሬ እንደጻፈው። አዛውንቱ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንሥተው አዩና ስለ ማሳው አንድ ነገር ብቻ ነገሩኝ፦ በወጣትነታቸው ከሟች ባለቤታቸው ጋር በብስክሌት በዚያ በኩል እያለፉ ወደ ሐይቁ ይወርዱ ነበር።

ቁጥር 31 አጭር ነው። ለቃሚው ወንድማችን ጠርሙሱ ውስጥ የተረፈ ካለ ቡሹን መልሼ ቀዝቃዛ ቦታ እንዳቆየው፣ በማግስቱ እንደሚሻል ጻፈልኝ። አንድ ብርጭቆ የሚሆን ተርፎ ነበር፤ በማግስቱ ማታ ቀመስኩት፣ እርሱ እንዳለው ነው።